ከበላ ልበልሃ ምን እንማር? በዩኒቨርሲቲ የክርክር ሥልጠና ላይ የቀረበ አስተያየት

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለክርክር ውድድር የሚያዘጋጅ መምህር ብዙውን ጊዜ ከድምፅ፣ ከአቋቋምና ከእጅ እንቅስቃሴ ይጀምራል። እነዚህ ጎልተው ይታያሉ፤ ቶሎም ይታረማሉ። ይህ ጽሑፍ ግን ሥልጠናው ከማዳመጥና ከመልስ አሰጣጥ መጀመር እንዳለበት ይሞግታል።

በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮና የሚሠራበት የብሪታንያ ፓርላማ ስልት ሁለት ደጋፊና ሁለት ተቃዋሚ ቡድኖችን ያሰልፋል፤ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ተናጋሪዎች አሉት። ርዕሱ የሚገለጸው ክርክሩ ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ሲሆን፣ ለአንድ ተናጋሪ 7 ደቂቃ ይሰጣል። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደቂቃ በስተቀር ተቃራኒው ወገን ተነሥቶ ጥያቄ ለማቅረብ ይችላል። እንዲህ ባለ መድረክ በቃል የተጠና ንግግር ብዙ አይራመድም።

ዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫቸው እንጦጦ በነበረበት ዘመን የሙግት ሥርዓቱ በላ ልበልሃ ነበር። ተሟጋቹ ነገሩን በምሳሌና ቤት በሚመታ ንግግር ያቀርባል፤ ባላጋራው ደግሞ ከአፉ የወጣውን ቃል ይዞ በተጠየቅ ያፋጥጠዋል። እሰጥ አገባ የሚለው ቃል ዛሬ ለማንኛውም ጭቅጭቅ ቢውልም፣ በሙግቱ መካከል በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ይደረግ የነበረውን ውርርድ ያስታውሰናል። የሚወራረድ ሰው ነገሩ ሁሉ የሚንጠለጠልበትን ነጥብ አስቀድሞ መለየት ነበረበት። ተማሪዎቻችን የሚያጡት ይህንኑ ነው፤ አምስት ነጥብ ይደረድራሉ እንጂ የትኛው ክርክሩን እንደሚወስን አይመርጡም።

ሥርዓቱን እንዳለ እንመልሰው ማለት ግን አይደለም። የንግግሩ ውበት የነገሩን እውነት ሊጋርድ ይችል ነበር፤ ደግሞም ልበልሃ የሚለው ስም ራሱ የሚያናግረው ወንድን ብቻ ነው። የዛሬው አሠልጣኝ ስልቱን ሲወስድ ይህን መተው ይኖርበታል።

ለሥልጠናው የሚከተለውን ልምምድ እናቀርባለን። ተማሪዋ የተቃራኒዋን የ7 ደቂቃ ንግግር ያለ ማስታወሻ ታዳምጣለች፤ ቀጥሎ በ1 ደቂቃ ውስጥ ተናጋሪው ራሱ «አዎ፣ ያልሁት ይህን ነው» እስኪል ድረስ ሐሳቡን መልሳ ትናገራለች። ይህን ሳታሟላ መልስ መስጠት አይፈቀድላትም። ካሟላች በኋላ አንድ ነጥብ ብቻ መርጣ ትወራረዳለች፤ በቅሎ ባይኖርም ነጥቡ ቢፈርስ መረታቷን ትቀበላለች።

የቋንቋውም ጉዳይ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የከፍተኛ ትምህርትን ማስተማሪያ እንግሊዝኛ አድርጎታል። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሲሟገት የማይረታ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲናገር ቃል እየፈለገ ነጥቡን ይጥላል፤ ዳኛውም ዝምታውን ከሐሳብ ድህነት ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ የ15 ደቂቃው ምክክር በሚያስቡበት ቋንቋ ቢካሄድ፣ እንግሊዝኛው ለንግግሩ ብቻ ቢቆይ ይመረጣል።

ከእንጦጦ በታች፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መምህራንን ያሠለጥናል። እንደዚህ ባለ ተቋም ክርክር የሚለማመድ ተማሪ ነገ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክርክር ክበብ መሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምምዱን መጀመሪያ መሞከር የሚገባው ዋንጫ ለማምጣት በተመረጡት አራት አምስት ተማሪዎች ላይ ሳይሆን በመደበኛው የማስተማር ሥነ ዘዴ ክፍል ውስጥ ነው።