በዚህ ክረምት ምንም የማያስተምር መጽሐፍ አንብቡ

ራስጌያችሁ ላይ የተከመሩትን መጻሕፍት እስቲ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ከላይ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ከሥሩ በሌሊት ስለ መነሳት፣ ቀጥሎ ስለ መሪነት። ሁሉም መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ዕልባት ተሰክቶባቸው ቀርተዋል። እንደ እኔ አነቃቂ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ሲል የራሱን ገበያ መዝጋት ይመስልበታል፤ ቢሆንም እላለሁ፤ እስከ እንቁጣጣሽ ገለል አድርጓቸው። አይቀየሟችሁም። በቦታቸው አንድ ሬሳ ያለበት፣ ከወንጀል ይልቅ ቡናና ኬክ የበዛበት ቀላል ልብ ወለድ አስቀምጡ።

ሬሳ ስላችሁ አትደንግጡ። እንግሊዝኛ አንባቢዎች «ኮዚ ሚስትሪ» የሚሉት የልብ ወለድ ዘር አለ። ሰው ይገደላል፤ ደሙ ግን ገጹ ላይ አይፈስም። ገዳዩን የሚያሳድደው ሽጉጥ የታጠቀ መርማሪ ሳይሆን ዳቦ ጋጋሪ፣ መጽሐፍ ሻጭ ወይም የሰፈሩን ገበና አብጠርጥራ የምታውቅ ጡረተኛ ናት። ሰፈሩ ጠባብ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል፤ መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ይያዛል፤ አንባቢም በሩን ሁለቴ ሳይቆልፍ ይተኛል።

የዘሩ አያት የአጋታ ክሪስቲዋ ሚስ ማርፕል ናት ቢባል ብዙ ሰው ይስማማል። በ1930 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ሙሉ ልብ ወለዷን ያገኘችው ይህች አሮጊት ሹራቧን እየሠራች ወሬ ትሰማለች፤ ማንም ከቁም ነገር ስለማይቆጥራት ሁሉም ፊቷ ያወራል። ክሪስቲን ራሷን ወደዚህ መንገድ ያስገባቻት «የወንጀል ምርመራ ታሪክ መጻፍ አትችይም» ብላ ያፋጠጠቻት እህቷ ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ስትሠራ ስለ መርዝ ያወቀችውን ይዛ መጽሐፏን ጻፈች። በርካታ አሳታሚዎች መለሱባት፤ በ1920 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል።

የዛሬው ግብዣዬ ግን ቡና የሚሸተው ነው። ክሊዮ ኮይል የሚባል ደራሲ በ2003 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የካፌ ምሥጢሮች ተከታታይ ዛሬ ከሃያ መጻሕፍት በላይ ሆኗል። ክሊዮ ኮይል የሚባል ሰው የለም። አሊስ አልፎንሲና ማርክ ሴራሲኒ የተባሉ ባልና ሚስት አብረው የሚጽፉበት የብዕር ስም ነው። ማታ ማታ ገበታ ላይ ቁጭ ብለው «ቀጥሎ ማን ይሙት?» እያሉ ሲመካከሩ ይታየኛል። ትዳር በስንት መንገድ ይጸናል!

ታሪኩ የሚሄደው በኒው ዮርኩ ግሪንዊች ቪሌጅ፣ መቶ ዓመት ያለፈው «ቪሌጅ ብሌንድ» የሚባል ካፌ ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጇ ክሌር ኮሲ ትባላለች። ትዳሯ ፈርሷል፤ ልጇ አድጋ የምግብ ሙያ ለመማር ወጥታለች፤ እሷም አርባ ዓመት ደፍ ላይ ቆማ ድሮ ትታው ወደሄደችው ሥራ ተመልሳለች። ባለቤቲቱ የቀድሞ አማቷ ናቸው፤ የቀድሞ ባሏ ማቴዮ ደግሞ ቡና ፍለጋ አገር ለአገር የሚዞር ገዥ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲከፈት ክሌር ጠዋት ሥራ ስትገባ ረዳቷ ራሷን ስታ ወድቃ፣ የቡና ዱቄት በየቦታው ተበትኖ ታገኛለች። ፖሊስ መጥቶ ያያል፤ የተሰበረ በር የለም፤ አደጋ ነው ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ክሌር ግን አላመነችም።

እኔን የያዘኝ እዚህ ጋ ነው። ክሌር የፖሊስ ሥልጠና የላትም። ያላት ሙያዋ ነው። ካፌዋ ውስጥ ምን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ምን እንደሚጠጣ፣ ሠራተኞቿ እንዴት እንደሚሠሩ ታውቃለች፤ ስለዚህ ከቦታው የወጣ ነገር ዓይኗን ይወጋዋል። ሰው ሁሉ ተራ የሚለው የዕለት ሥራ እንዲህ ያለ ዓይን እንደሚሰጥ እያነበባችሁ ታዩታላችሁ። መዝገብ ቤት የሠራችሁ፣ ሱቅ የጠበቃችሁ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ያስተማራችሁ ሰዎች የእናንተስ ዓይን ምን ምን ይይዛል? መርማሪ ብትሆኑ ኖሮ በምን ትታወቁ ነበር? ይህን ጥያቄ መጽሐፉ አይጠይቅም፤ እኔ ነኝ የጠየቅሁት፤ ዓመል ሆኖብኝ ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ የሚያስቅ ቅመም አለው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የተከታታዩ መጽሐፍ ላይ ማቴዮ አስማት አለበት የተባለ የአፍሪካ ቡና ይዞ ይመጣል፤ እናቱ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በተዘጋጀ በዓል ላይ የቡና አተላ እያዩ ለደንበኛ ዕድል ይናገራሉ። ስኒ ገልብጠው የመንገድና የእንግዳ ወሬ የሚያወጡ ሴቶች ከሰፈሩ ላልጠፉበት አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። የኒው ዮርክ አንባቢ በመገረም የሚያልፈውን ገጽ እኛ «ይህችን እንኳ እናውቃታለን» እያልን እናነበዋለን።

ነቀፌታም አለኝ። አንድ ካፌ ዙሪያ ይህን ያህል ግድያ! እኛ ሰፈር ቢሆን ከሦስተኛው በኋላ ጸበል ይረጭ ነበር። አንዳንዱ ላይም ገዳዩ ቀድሞ ይታወቃችኋል። ይታወቅ። እንዲያውም ልክ መሆን ደስ ይላል።

«ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ዓመቱን ሙሉ ስልክ ላይ አጫጭር ቪዲዮ ሲገፋ የከረመ አእምሮ አንድ ታሪክ ይዞ ሦስት መቶ ገጽ መሄድ ይከብደዋል። ያንን አእምሮ በከባድ መጽሐፍ ማስገደድ አይሆንም፤ ሞክረነዋል፤ ውጤቱ ራስጌያችን ላይ ተከምሯል። «ማን ገደላት?» የሚለው ጥያቄ ግን ያለ ዕቅድ ወረቀት፣ ያለ ማንቂያ ደወል ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይጎትታል። አንድ መጽሐፍ የጨረሰ ሰው ሁለተኛውን ሲያነሳ እጁ አይከብደውም። ክምሩም መስከረም ላይ እዚያው ይጠብቃችኋል።

አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተጋድመው ያነቡታል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የሚስማማው ለእኛ ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ፣ ጋቢ፣ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና። እንግሊዝኛው የዕለት ተዕለት ወሬ ስለሆነ አያስፈራም። የማታውቁት ቃል በመጣ ቁጥር መዝገበ ቃላት አትግለጡ፤ እለፉት፤ ታሪኩ ራሱ ይነግራችኋል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የሰፈራችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ያውሳችኋል፤ ብዙዎቹ ሊቢ በሚባለው መተግበሪያ ስልካችሁ ድረስ ይልካሉ። ክሊዮ ኮይልን ያላገኘ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ አንድ አጋታ ክሪስቲ ይጠይቅ።

ብቻችሁን ካልጣማችሁ ቡና ላይ አድርጉት። አንዱ ቡናው ሲቆላ ምዕራፉን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ እንግሊዝኛ ለማይሰሙት በአማርኛ ያውራላቸው፤ ቶና ላይ ክርክር ይነሳ፤ በረካ ላይ ሁሉም የጠረጠረውን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ረከቦቱ ሥር ያስቀምጥ። መጽሐፉ ሲያልቅ ወረቀቶቹ ይከፈታሉ፤ የተሳሳተ ስኒ ያጥባል። የመጨረሻውን ገጽ ቀድሞ ሲያይ የተገኘ ግን ጀበናውንም፣ ምጣዱንም፣ ትሪውንም እሱ ይጠብ።