ምስጢር እንደ ሕክምና፦ ለትራንስጀንደር ተገልጋዮች የሚሰጥ የአእምሮ ጤና ድጋፍ በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን

ከተወለዱበት ጾታ የተለየ የጾታ ማንነት ያላቸው፣ ማለትም ትራንስጀንደር የሆኑ ሰዎች፣ በድባቴ ወይም በጭንቀት ተይዘው እርዳታ ሲሹ ከባለሙያው ዕውቀት አስቀድመው የሚመዝኑት ታማኝነቱን ነው። ይህ ጽሑፍ ማንነትን የሚያከብር ድጋፍ በጋሞ ዞን ከምን ሊነሣ እንደሚገባው ይመረምራል።

በጋሞ ባህል «ጎሜ» የሚባለው እምነት ሕመምንና መከራን ከተጣሰ ደንብ ጋር ያያይዛል፤ መፍትሔውም ጥፋትን በሽማግሌዎች ፊት ተናዞ መታረቅ ነው። የሽማግሌዎቹ ሥልጣን ዛሬም ጽኑ ነው፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን መልሰዋል። ይሁን እንጂ የጾታ ማንነት የሚናዘዙት ጥፋት አይደለም። ለሌላው ፈውስ የሚሆነው በአደባባይ መገለጥ ለትራንስጀንደር ሰው ከቤተሰብና ከሥራ መባረርን ሊያስከትል ይችላል።

ስጋቱን ሕጉ ያከብደዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚከለክለው የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ነው፤ ድርጊትን እንጂ የጾታ ማንነትን አይጠቅስም። ብዙዎች ግን ሁለቱን ለይተው አያዩም። በሌላ በኩል ይኸው ሕግ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል።

ጉዳዩ ከውጭ የመጣ ነው የሚለው አስተያየትም ጥንቃቄ ይሻል። አንትሮፖሎጂስቱ ዶናልድ ዶንሃም በደቡብ ኦሞ በማሌ ሕዝብ ዘንድ «አሽቲሜ» የሚባሉ፣ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እንደነበሩ መዝግቧል። አሽቲሜን ከዛሬው ትራንስጀንደር ጋር አንድ ማድረግ ባይገባም፣ ልዩነቱ ለአካባቢው እንግዳ እንዳልነበረ ያሳያል።

በሕክምናው ዘርፍ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ትራንስጀንደርነትን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። ስለዚህ የሚታከመው ድባቴው፣ ጭንቀቱና ራስን የማጥፋት ሐሳቡ እንጂ ማንነቱ አይደለም። ለዚህም ልዩ ክሊኒክ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም። የአእምሮ ጤና ሥልጠና ያገኘ የጤና ባለሙያ ተገልጋዩን በምን ስም መጠራት እንደሚፈልግ ለብቻው ሊጠይቅ፣ ለሕክምናው የማያስፈልገውን ከካርድ ላይ ሊያስቀር፣ ያለ ፈቃዱም ቤተሰብ ከመጥራት ሊቆጠብ ይችላል። ቋንቋውም ያግዘዋል፦ «አንተ» ወይም «አንቺ» ለማለት የሚያመነታ ባለሙያ ጾታ የማይለየው «እርስዎ» አለለት።

በጋሞ ዞን እንዲህ ያለ ድጋፍ የሚጀምረው ከምርመራው በፊት ነው፦ ተገልጋዩ የነገረው ከክፍሉ እንደማይወጣ ሲያምን።