ሁሉም ትክክል፣ ድምሩ ግን ጉድለት፦ ያለ መሣሪያ የሚዘምሩ ጥቂት ድምፆች ፊዚክስ

ለዶክትሬት ትምህርታችን በውጭ አገር በነበርንበት ዘመን፣ አንድ ምሽት የአንድ ኮሌጅ መዘምራን ባዘጋጁት ኮንሰርት ላይ ታድመን ነበር። የጋበዘን በቤተ ሙከራ አብሮን ይሠራ የነበረ ወዳጃችን ነው፤ በመዘምራኑ ውስጥ የባስ ድምፅ ይዘምር ነበር። በመጀመሪያ ጠቅላላው ጓድ በፒያኖ ታጅቦ ዘመረ። ቀጥሎ አራት ሰዎች ብቻ ወደ ፊት ወጡ፤ አንድ ሶፕራኖ፣ አንድ አልቶ፣ አንድ ቴኖርና አንድ ባስ። ያለ ምንም መሣሪያ ዘመሩ፤ ዝማሬያቸውም እጅግ የጠራ ነበር። ይሁን እንጂ በመዝጊያው ላይ ፒያኖው ሊቀበላቸው ሲገባ ነገሩ ተበላሸ። አራቱ ዘማሪዎች ከፒያኖው በግልጽ ዝቅ ብለው ተገኙ።

ከኮንሰርቱ በኋላ የመዘምራኑ መሪ ጥፋቱን በባሱ ላይ ጣለው። በሚቀጥለው ዝግጅት ላይም ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ወዳጃችን ግን «ሌሎቹ ከእኔ ጋር አንድም ጊዜ አልተጋጩም፤ ታዲያ የወረድኩት እኔ ብቻ ከሆንኩ እነርሱ እንዴት አብረውኝ ወረዱ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው የፊዚክስ ጥያቄ ነው። አንድም ሰው ሳይሳሳት ጓዱ በሙሉ ሊወርድ ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ መልሱን በቀላል ስሌት እንመለከታለን።

ጥቂት ሲሆኑ ምን ይለወጣል?

ከኮሌጅ መዘምራን ውስጥ አነስተኛ ጓዶች መውጣታቸው የቆየ ልማድ ነው። በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1909 የተመሠረተው ዊፈንፑፍስ፣ እንዲሁም በእንግሊዝ በካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ይዘምሩ የነበሩ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1968 የመሠረቱት ባለ ስድስት ሰው ኪንግስ ሲንገርስ የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው።

በብዙ ሰውና በጥቂት ሰው ዝማሬ መካከል ያለው ልዩነት የጉልበት ብቻ አይደለም። 440 ሄርዝ እና 442 ሄርዝ ድግግሞሽ ያላቸው ሁለት ድምፆች በአንድነት ቢሰሙ፣ ሞገዶቻቸው አንድ ጊዜ ሲደጋገፉ አንድ ጊዜ ሲጠፋፉ፣ ድምፁ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ መዋዠቅ ቁጥሩ ከሁለቱ ድግግሞሾች ልዩነት ጋር እኩል ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው አንዱን አውታር ከኦክታቩ ጋር ሲያስማማ በጆሮው የሚከታተለው ይህንኑ መዋዠቅ ነው።

አሥር ሰዎች አንድን ዜማ በአንድነት ሲዘምሩ ድግግሞሾቻቸው በጥቂቱ ይለያያሉ። ከዚህ የሚወለዱት ብዙ መዋዠቆች እርስ በርሳቸው ተደራርበው ስለሚደበዝዙ ጆሮ አማካዩን ብቻ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰው ብቻ ሲኖር ግን የሚደበቁበት ቦታ የለም፤ እያንዳንዱ ልዩነት ይሰማል። ስለዚህ የተለማመዱ ዘማሪዎች መዋዠቁ እስኪጠፋ ድረስ እርስ በርስ ይቃኛሉ።

ጆሮ የሚመርጠው ውድር

መዋዠቁ የሚጠፋው መቼ ነው? የሰው ድምፅ አንድ ድግግሞሽ ብቻ የለውም፤ የዋናው ድግግሞሽ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እያለ የሚቀጥል የአጋር ድምፆች ሰልፍ ይዞ ይወጣል። አንዱ ዘማሪ ዶን በ264 ሄርዝ፣ ሌላው ሚን በ330 ሄርዝ ቢይዙ፣ የመጀመሪያው አምስተኛ አጋር ድምፅ 1320፣ የሁለተኛውም አራተኛ አጋር ድምፅ 1320 ሄርዝ ይሆናል። ሁለቱ ስለሚገጥሙ መዋዠቅ የለም፤ ውድሩም 5 ለ 4 ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ 3 ለ 2፣ 4 ለ 3 እና 6 ለ 5 የጠሩ ውድሮች ናቸው።

ፒያኖ ግን የሚቃኘው በሌላ መንገድ ነው። አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ውድሮች ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱም ግማሽ ድምፅ ይባላል። ግማሽ ድምፅ ደግሞ በ100 ሴንት ይከፈላል። በፒያኖ አቃኛን መሠረት ከ264 ሄርዝ በላይ ያለው ሚ 332.6 ሄርዝ ገደማ ስለሚሆን፣ ከዶ ጋር በሴኮንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ይዋዥቃል። ጥሩ ዘማሪዎች ከፒያኖ ሲለዩ ወደ ጠራው ውድር የሚሳቡት በዚህ ምክንያት ነው።

አራት እርምጃ፣ አንድ ጉድለት

አሁን ወደ ወዳጃችን ጥያቄ እንመለስ። የዘመሩት መዝሙር፣ ኖታውን ስንመለከት፣ በጣም የተለመደ የኅብረ ድምፅ ቅደም ተከተል ነበረው፤ ከዶ ወደ ላ፣ ከላ ወደ ሬ፣ ከሬ ወደ ሶል፣ ከሶል ተመልሶ ወደ ዶ። በእያንዳንዱ እርምጃ አንዱ ዘማሪ የያዘውን ድምፅ ሳይለቅ ይቆያል፤ የቀሩት በእርሱ ላይ ይቃኛሉ። ሁሉም ፍጹም በጠራ ውድር እንደሚዘምሩ እናስብ።

ከዶ ወደ ታች ወደ ላ፦ 264 × 5/6 = 220 ሄርዝ።
ከላ ወደ ላይ ወደ ሬ፦ 220 × 4/3 = 293.33 ሄርዝ።
ከሬ ወደ ታች ወደ ሶል፦ 293.33 × 2/3 = 195.56 ሄርዝ።
ከሶል ወደ ላይ ወደ ዶ፦ 195.56 × 4/3 = 260.74 ሄርዝ።

የተነሣነው ከ264 ነው፤ የደረስነው 260.74 ላይ ነው። አራቱን ክፍልፋዮች ብናባዛ 80/81 እናገኛለን እንጂ 1 አናገኝም። ጉድለቱ 21.5 ሴንት ነው። በአንድ ዙር ብዙ ሰው ላያስተውለው ይችላል። በወዳጃችን መዝሙር ውስጥ ግን ቅደም ተከተሉ አራት ጊዜ ይደጋገም ነበር፤ ድምሩ 86 ሴንት፣ ማለትም ወደ ሙሉ ግማሽ ድምፅ የተጠጋ ዝቅታ ይሆናል። የፒያኖው መጋጨት ምክንያት ከዚህ ሊመነጭ ይችላል ማለት ነው። የሚያስገርመው፣ ዘማሪዎቹ ይበልጥ በጠሩ ቁጥር ይበልጥ መውረዳቸው ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ስለሚወድቁ አካላት ከጋሊሌዮ በፊት የጻፈው ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ቤኔዴቲ፣ ለሙዚቃ ደራሲው ለቺፕሪያኖ ዴ ሮሬ በላካቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ተመሳሳይ ስሌት አሳይቷል፤ ደብዳቤዎቹ እ.ኤ.አ. በ1585 በመጽሐፉ ታትመዋል። በእኛ ዘመንም በእንግሊዝ በዮርክ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ያለ መሣሪያ የሚዘምሩ አራት ድምፆች ወደ ጠራው ውድር እንደሚያዘነብሉና በዚህም ከመነሻቸው እንደሚንሸራተቱ በመለካት አሳይተዋል።

ምን ይደረግ?

ችግሩ የሚጠነክረው በሬ ላይ ነው። ከላ ጋር የሚስማማው ሬ 293.33 ሄርዝ ነው። መነሻውን ዶ ሳይለቅ ከቆየው ሶል ጋር የሚስማማው ሬ ግን 297 ሄርዝ ነው። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ድምፆች መሆናቸው ነው። ዘማሪዎች ሦስት ምርጫ አላቸው። አንደኛው፣ ሬን የያዘው ሰው በመካከል በጥቂቱ ከፍ እንዲል ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ 297ን ይዞ ከላ ጋር በሴኮንድ 11 ጊዜ የሚዋዥቅ ድምፅ መታገሥ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚሠራው፣ ጉድለቱን በአራቱም እርምጃዎች ላይ በጥቂት በጥቂቱ ማካፈል ነው። ልምድ ያላቸው ጓዶች ስሌቱን ባያውቁትም በብዙ ልምምድ ይህንኑ ያደርጋሉ። መነሻ ድምፃቸውንም በየመካከሉ ከመቃኛ ጋር እያስተያዩ ያርማሉ።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ መናገር ይገባናል። ዘማሪዎች በድካም፣ በትንፋሽ ማጠርና በፍርሃትም ይወርዳሉ። በዚያ ምሽት ድምፃቸው ስላልተቀዳ፣ ስሌታችን የወዳጃችንን ንጽሕና አያረጋግጥም፤ የቀረበበት ክስም ማስረጃ እንዳልነበረው ግን ያሳያል። እኛም ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ያስቀመጥነው ቦታውን ካጣ በኋላ ነበር። አንድ ሥርዓት በድምሩ ሲጐድል በግድ አንዱ ክፍል ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ጉድለቱ እያንዳንዱ በትክክል በሠራው ሥራ ድምር ውስጥ ሊኖር ይችላል።

በመጨረሻም ለአንባብያን አንድ መልመጃ እንተዋለን። በትምህርት ቤታችሁ የሚዘምሩ አራት ጓደኞች ፈልጉ፤ ከላይ ያለውን ቅደም ተከተል አራት ጊዜ እንዲደጋግሙት አድርጋችሁ በስልክ ቅዱ፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዶ በስልክ ላይ በሚገኝ የድምፅ መቃኛ ፕሮግራም ለኩ። ቀጥሎም ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ፣ ከዶ ወደ ሶል፣ ወደ ሬ፣ ወደ ላ፣ ተመልሳችሁም ወደ ዶ አስሉ። ድምፁ በዚህ ጊዜ ወዴት ይሄዳል? በምን ያህልስ?