አጠራጣሪ የኮምፒዩተር ፋይልን ለይቶ ስለ ማወቅና ስለ ማስወገድ

የነጋዴ ሀብት በመጋዘን የተከማቸው ዕቃ ብቻ አይደለም። ዱቤ የተጻፈበት መዝገብ፣ የገዛበትና የሸጠበት ደረሰኝ፣ ከደንበኛው ጋር የተዋዋለበት ሰነድ ጭምር ሀብቱ ነው። ዛሬ ይህ ሁሉ በኮምፒዩተር ስለሚቀመጥ፣ መጋዘኑን ቈልፎ የሚያድር ነጋዴ መዝገቡን ክፍት እንዳይተው ይህን አጭር ትምህርት አቅርበናል።

በደቡብ ኦሞ ዞን የሳላማጎ ወረዳ ከተማ በሆነችው በሃና የሚነግድ አንድ ባለሱቅ እናስብ። የዕቃ ዝርዝሩን ለማሳተም ፍላሹን ይዞ ወደ ጂንካ ይሄድና ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ላይ ይሰካዋል። ተመልሶ ሲከፍተው ፎልደሮቹ በቦታቸው ያሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እውነተኞቹ ተሰውረው፣ በስማቸውና በምስላቸው ሌሎች ተተክተዋል። ባለሱቁ አንዱን በነካ ጊዜ የማያውቀውን ፕሮግራም ሥራ አስጀመረ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ፋይል በሦስት ነገር ይታወቃል።

አንደኛ፤ በስሙ መጨረሻ። ኢኤክስኢ፣ ኤስሲአር፣ ባት ወይም ቪቢኤስ በሚሉ የላቲን ፊደላት የሚያልቅ ፋይል የሚነበብ ሰነድ ሳይሆን ትእዛዝ ፈጻሚ ነው። ዊንዶውስ ይህን ቅጥያ እንደ ልማዱ ስለሚሸሽግ፣ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ከሚለው ሥር ገብቶ እንዲታይ ማድረግ ይገባል። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. በዓለም የተሠራጨው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ ብዙዎችን ያታለለው ተራ ጽሑፍ መስሎ፣ ቪቢኤስ የሚለውን እውነተኛ መጨረሻውን ደብቆ ነው።

ሁለተኛ፤ በአመጣጡ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል የተላኩ ማስፈንጠሪያዎች «ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን አድሱ» በማለት የስለላ ፕሮግራም ያስጭኑ እንደ ነበር ገልጿል። ይኸው ዘዴ በኢንቮይስና በጭነት ሰነድ ስም ወደ ነጋዴ ይመጣል። ልብ በሉ፤ ይጫን የሚል ኢንቮይስ ኢንቮይስ አይደለም።

ሦስተኛ፤ በጠባዩ። ዋጋ የሚከፈልበትን ፕሮግራም በነጻ አስገኛለሁ የሚል፣ ከዚያም «ጸረ ቫይረሱን አጥፋ» ብሎ የሚጠይቅ ፋይል፣ ዘበኛውን አሰናብት እንደሚል ሌባ ነው።

የማስወገዱ ሥራ በሚከተለው ተራ ይፈጸማል።

1. ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት መለየት፤ ፋይሉንም ዳግመኛ አለመክፈት።

2. ፍላሹን ለማጽዳት ብሎ ፎርማት ለማድረግ አለመቸኰል። ሰነዶቹ ብዙ ጊዜ የተሰወሩ እንጂ የጠፉ አይደሉም፤ የተሰወሩ ፋይሎች እንዲታዩ ሲታዘዝ ይገኛሉ።

3. በዊንዶውስ ውስጥ ባለው ጸረ ቫይረስ ኮምፒዩተሩንም ፍላሹንም ሙሉ በሙሉ መመርመር። ተደብቆ የሚመለስ ከሆነ «ኦፍላይን ስካን» የተባለውን ምርመራ ማዘዝ፤ ይህ ዊንዶውስ ሥራ ሳይጀምር ስለሚመረምር ፋይሉ መደበቂያ ያጣል።

4. በታስክ ማናጀር «ስታርትአፕ» ከሚለው ሥር፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ እንግዳ ስም መኖሩን ማየትና ማገድ።

5. የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃልን ንጹሕ ከሆነ ሌላ ኮምፒዩተር መለወጥ።

ሆኖም ስሙን ስላላወቅነው ብቻ የዊንዶውስን የራሱን ፋይል መሰረዝ ኮምፒዩተሩን ከሥራ ያወጣዋል። እንዲሁም ቫይረስ ቶታል ወደሚባለው መመርመሪያ የተላከ ፋይል ለሌሎች ስለሚደርስ፣ ውልና የሒሳብ ሰነድ ወደዚያ መላክ አይገባም።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ በእርሱ የሚሠሩ ነጋዴዎች ይህንኑ እንዲያስቡበት እናሳስባለን። ከሁሉም በላይ ግን የመዝገባችሁን ግልባጭ በየሳምንቱ በሌላ ዲስክ ላይ አኑሩ፤ ዲስኩንም ነቅላችሁ አስቀምጡ። እንደ ተሰካ የሚቀር ግልባጭ ከዋናው ጋር አብሮ ይጠፋል፤ የዱቤ መዝገቡ የጠፋበት ነጋዴም ያበደረውን የሚጠይቅበት ማስረጃ የለውም።