ቱቦ ከመግዛትዎ በፊት የሰበቃ ብክነቱን ያስሉ

ሮቶው ሙሉ ሆኖ ሳለ ከመስመሩ ጫፍ ያለው ሽንኩርት የሚጠወልግበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የቱቦው መቅጠን ነው። ውሃ በቱቦ ውስጥ ሲሄድ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፤ ግፊቱም በየሜትሩ ይቀንሳል። ይህን ብክነት የምንለካው በከፍታ ሜትር ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልግዎትን ፍሰት ይወቁ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው። ቀጥሎ በሮቶው የውሃ ወለልና በማሳው መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ውሃ በተሞላ ብርሃን አሳላፊ ጎማ ይለኩ።

6 ሜትር አገኙ፣ ማሳውም 100 ሜትር ይርቃል እንበል። በፕላስቲክ ቱቦ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የውጭ ስፋቱ ነው፤ ለውሃው የሚቆጠረው ግን የውስጡ ነው። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጡ 20 ገደማ ነው። ግማሽ ሊትሩን እዚያ ለማድረስ 14 ሜትር ያህል ከፍታ ይበላል፤ እርስዎ ያለዎት 6 ነው። ውሃው አይቆምም፤ ነገር ግን በሰከንድ ወደ 0.3 ሊትር ይወርዳል፤ ጀሪካኑም ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ውስጡ 26 የሆነው ባለ 32 ቱቦ ግን 4 ሜትር ያህል ብቻ ይወስዳል፤ ቀሪው 2 ሜትር ለጠብታ መስመሮቹ ይተርፋል። ዋጋው ቢወደድም ይህኛው ይሻላል። ለክርኖችና ለመዝጊያዎች በስሌቱ ላይ አንድ አስረኛ ይጨምሩ።

ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ብክነቱም እጥፍ ይሆናል፤ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ግን ብክነቱ 3.6 ጊዜ ያህል ይበዛል። ስለዚህ ቀጭኑን ቱቦ አስቀድመው ገዝተው ከሆነ አይጣሉት። ማሳውን ለሁለት ከፍለው በተራ ያጠጡ፤ በግማሹ ፍሰት ብክነቱ ከ14 ወደ 4 ሜትር ገደማ ይወርዳል።