ከአዲስ አበባ እስከ ጊጊሪ፦ የረጅም መንገድ ችግሮችና ምክንያታቸው



የዛሬው ትምህርታችን ካርታንና ፊዚክስን አንድ ላይ ይዟል። አባት፣ እናት፣ አያትና ሦስት ልጆች በአንዲት አሮጌ መኪና ከአዲስ አበባ ተነስተው ናይሮቢ ውስጥ ወዳለው ጊጊሪ ይጓዛሉ እንበል። ጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ሰፈር ነው። ቤተሰቡ እዚያው አካባቢ ከአንድ መሥሪያ ቤት ቀጠሮ አለው።

ካርታችሁን ዘርጉ። መንገዱ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ይደርሳል። ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ማርሳቢትን፣ ኢሲዮሎንና ናንዩኪን አልፎ ናይሮቢ ይገባል። ጠቅላላው ከ1,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኮረኮንችና ድንጋይ ነበር፤ መኪኖችም ሽፍታ ስለሚፈሩ ተከታትለው በአጀብ ይጓዙ ነበር። አስፋልት የለበሰው በ2010ዎቹ ነው። ያን ጊዜ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠው ያለፉ ወላጆች ካሉ ጠይቋቸው፤ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት አላቸው።

የመጀመሪያው ችግር ሞያሌ ላይ ይመጣል። በኢትዮጵያ መኪና ቀኙን ይዞ ይሄዳል፤ በኬንያ ግን ግራውን ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ መኪና መሪው በግራ ስለሆነ፣ ሾፌሩ ሌላ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከፊት የሚመጣውን አያይም። ለእግረኛም ነገሩ ተገልብጧል። እናንተ ልጆች፣ በኬንያ መንገድ ስትሻገሩ ቅርቡ መኪና የሚመጣው ከቀኝ ነው። መጀመሪያ ቀኝ፣ ከዚያ ግራ፣ እንደገና ቀኝ እዩ።

ከሞያሌ በኋላ ዲዳ ገልገሉ የሚባለው ጥቁር ድንጋይ የበዛበት በረሃ አለ። እዚህ ጎማ ይፈነዳል። ብዙ ሰው «ሙቀት አየሩን ስለሚያስፋው ጎማውን ትንሽ አስተንፍሰው» ይላል። ይህ ምክር አደገኛ ነው። አየር ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ዕቃ ሲበዛበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አየሩ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ስኮርታውና ክሪኩም ከፍራሽና ከድስት ሥር መቀበር የለባቸውም።

ከበረሃው ወደ ማርሳቢት ተራራ ሲወጣ የተጫነች መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ታቃስታለች፤ ራዲያተሩም ይፈላል። እዚህ ላይ በደንብ አስተውሉ፤ ሰው ፊቱን የሚቃጠለው እዚህ ነው። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነና የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ግፊቱ ይጨምራል፤ ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል፤ ያ ሁሉ ውኃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ወደ ከፋቹ ይተፋል። ስለዚህ ሞተሩ ይጥፋ፣ ልጆች ይራቁ፣ ራዲያተሩ በእጅ የሚነካ እስኪሆን ይጠበቅ። ከዚያ ክዳኑ በጨርቅ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይከፈታል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመርም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ለመኪናው የተያዘው ጀሪካን ለመጠጥ ከተያዘው የተለየ ይሁን፤ ልጆች ሲጠሙ የትኛው እንደሚቀድም መከራከር አያስፈልግም።

የመጨረሻው ችግር መኪናው ከቆመ በኋላ ጊጊሪ ላይ የሚገጥመው ነው። የቀጠሮው ወረቀት በእንግሊዝኛ «8:00» ይላል። አባት «ስምንት ሰዓት» ብለው ከምሳ በኋላ ይሄዳሉ፤ ቀጠሮው ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አልፏል። ስዋሂሊ እንደ አማርኛ ከንጋት ስለሚቆጥር በንግግር ችግር የለም፤ የሚያሳስተው የእንግሊዝኛው ወረቀት ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነቱን ለወላጆቻችሁ አስሉላቸው።

መልመጃ

1. መኪናው በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 1,500 ኪሎ ሜትሩን በስንት ሰዓት ይጨርሳል?
2. በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጠዋት «10:30» የተባለ ቀጠሮ በአማርኛ ስንት ሰዓት ነው?
3. ንፍሮ ቶሎ የሚበስለው አዲስ አበባ ነው ወይስ ሞያሌ? ምክንያቱን ጻፉ።