ከቆጣሪው እስከ ዋናው ብሬከር፦ በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ቤት ለሚሠሩ ሁሉ የቀረበ ማሳሰቢያ

በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ፣ በአጅባርም ሆነ በወግዲ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው ቆርቆሮና ለበሩ ላሜራ ሲሆን አማርጦና ተከራክሮ ይገዛል። ከቆጣሪው ተነስታ ዋናው ብሬከር ላይ ለምታርፈው ሽቦ ግን የሚጨነቅ ጥቂት ነው። ከብሬከሩ ወዲህ ያለ ሽቦ ከአቅሙ በላይ ቢጫን ብሬከሩ ይቆርጠዋል። ከብሬከሩ በፊት ያለችው ሽቦ ግን ከመብራት ኃይል መስመር በቀጥታ የምትመጣ ናት፤ ብትላጥም ሆነ እሳት ብታነሳ ባለቤቱ በእጁ የሚያጠፋበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋት እሷ ናት።

ዋናውን ብሬከር ከቤት ውጭ፣ ከቆጣሪው አጠገብ አድርጉት። ብዙዎቹ ቤቶቻችን የእንጨትና የጭቃ ናቸው፤ ኮርኒሳቸውም ከማዳበሪያ ወይም ከአቡጀዲ የተወጠረ ነው። እሳት ሲነሳ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ የሚይዘውም ባልዲ ውኃ ነው። ኤሌክትሪክ ያልተቋረጠበት ቤት ላይ ውኃ መድፋት ሊረዳ የመጣውን ሰው ሊገድል ይችላል። ማጥፊያው ጓዳ ውስጥ ከሆነ ደግሞ በጭስ መሃል ገብቶ የሚያጠፋው አይኖርም። አሜሪካኖች በኤሌክትሪክ ደንባቸው የ2020 እ.ኤ.አ. እትም አዲስ የአንድና የሁለት ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ሁሉ ከውጭ በኩል የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ እንዲኖረው ያስገደዱት የእሳት አደጋ ሠራተኞቻቸውን አስበው ነው። የእኛ እሳት አጥፊ ጎረቤታችን ስለሆነ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል። የብሬከሩን ሳጥን ሕፃን በማይደርስበት፣ አዋቂ ግን ቆሞ በሚነካው ከፍታ ስቀሉት። አትቆልፉት፤ ለቤተሰቡም ለጎረቤትም አሳዩ።

ከቆጣሪው ወደ ብሬከሩ የምትሄደው ሽቦ አጭር ትሁን። ቆጣሪው በአንድ ግድግዳ፣ ብሬከሩ በሌላው ሆኖ ሽቦው ቤቱን አይዙር።

ለቤት ውስጥ የተሠራ ነጭ ጠፍጣፋ ሽቦ ከውጭ አትዘርጉ። በደጋ አየሩ ስስ ነውና ፀሐዩ ከቆላው ይልቅ ፕላስቲክ ይጎዳል። ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውኃው ወደ መዳቡ ይዘልቃል። ለውጭ የተሠራውን ጥቁር ኬብል ግዙ፤ እሱንም በወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት። ለእኛ አገር ግድግዳ የምመርጠው ይህንን ነው። የብረት ቱቦ የሚያስፈልገው ከብት በሚታከክበት ወይም ጋሪና መኪና በሚገፋው ማዕዘን ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከመሬት ሽቦ ጋር ካልተያያዘ ራሱ አደጋ ይሆናል። ኬብሉ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ከታች በኩል ይሁን፤ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደታች ረገብ ብሎ ከተመለሰ የዝናቡ ውኃ እዚያው ይንጠባጠባል።

ሽቦ ቆርቆሮ እንዳይነካ። ይህ ቸል የማይባል ነገር ነው። ከምሰሶ የመጣ ሽቦ የጣራው ጠርዝ ላይ ካረፈ ነፋስ እያወዛወዘው ይፋቃል፤ የቆርቆሮ ጠርዝ ስለት ነው። ልባሱ አንድ ቦታ ሲላጥ መላው ጣራ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ከጣራው ጋር የታሰረው የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ አሸንዳው፣ የብረት በሩ ሁሉ አብረው ይይዛሉ። እርጥብ ልብስ ልትሰቅል የወጣች እናት ወይም በባዶ እግሩ የቆመ ልጅ ይያዛል። ሽቦው ከጣራው ከፍ ብሎ በማያያዣ ይታሰር፤ በቆርቆሮ ቀዳዳ ማለፍ ግድ ከሆነ ቱቦ ይልበስ።

ቱቦ ያልለበሰ ሽቦ በጭቃ አትምረጉ። አይጥ ይበላዋል፤ የት እንዳለ ያላወቀ ሰውም ሚስማር ይመታበታል።

ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ግቢው ማዶ ካለ፣ መስመሩን በባሕር ዛፍ እንጨት አንጠልጥላችሁ አታሻግሩ። ቢያንስ ግማሽ ሜትር ቆፍሩ፤ ኬብሉን በቱቦ አድርጋችሁ ቅበሩ፤ በላዩም አሸዋና ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሩበት።

ውፍረቱን ከምጣዱ ጋር አስሉ። 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ያውም ለረጅም ሰዓት። ለአምፖል 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ የተለመደ ነው፤ ለምጣድ የራሱ ብሬከር ያለው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ይዘርጋለት። ከቆጣሪ የሚመጣው ዋናው ሽቦ የሁሉንም ድምር መቻል አለበት፤ ባለሙያው 10 ካሬ ቢላችሁ ዋጋ አታስቀንሱ።

ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ አትቀይሩት። ብሬከር የሚመረጠው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው፤ 2.5 ሽቦ ላይ 40 አምፔር ከተገጠመ ሽቦው ነድዶ ብሬከሩ ዝም ይላል። ባልቦላ ላይ ወፍራም ሽቦ መጠምጠምም ያው ነው።

ብሬከሩ የሚቆርጠው ፌዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ መሆኑን በቴስተር አስፈትሹ። የመመለሻውን ሽቦ፣ ኒውትራሉን ብቻ ከቆረጠ አምፖሉ ይጠፋል፣ ሽቦው ግን ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ጠፍቷል ብሎ የሚነካው ሰው ይያዛል።

የምሰሶው ሽቦ አሉሚኒየም፣ የቤቱ መዳብ ስለሆነ ሁለቱን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል አይበቃም፤ መጋጠሚያው ይበላሻል፣ ይግላል። ለሁለቱም ማዕድን የተሠራ ማያያዣ አለ።

ጄኔሬተር ያላችሁ፣ በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር አታስገቡ። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወደ ምሰሶው ይመለስና መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። አንዱን ሳይለቅ ሌላውን የማይዝ መቀያየሪያ ይገጠም።

ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለው ሽቦ የመሬት ነው፤ ለሌላ ሥራ አትጠቀሙበት። ይህ ሽቦ የሚታሰርበት የመሬት ዘንግ እርጥበት በማያጣ ቦታ ይተከል።

ከአንድ ቆጣሪ ለተከራይና ለጎረቤት እየቀጠላችሁ አታከፋፍሉ። የቆጣሪውን እሽግ አትፍቱ፤ እስከ ቆጣሪው ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የብቃት ማረጋገጫ ላለው ባለሙያ ስጡ።

ሰኔ ሳይገባ አንድ ቀን ቆጣሪያችሁ ሥር ቆማችሁ ሽቦውን በዓይናችሁ ተከተሉት። የተሰነጠቀ፣ የጠቆረ፣ ቆርቆሮ የነካ ካያችሁ በእጃችሁ አትንኩ፤ ልጆችን አርቁና ወደ 905 ደውሉ።